ገና ያልተሠራችው መኪና

ሽማግሌዎቹ ቆመዋል።

ሕሊና ጓዳ ውስጥ ከእናቷ ከወይዘሮ ዘቢደር ጎን ተለጥፋ በመጋረጃው ጠርዝ ታያለች። ሦስት ናቸው። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከሳሎኑ መሐል ከቆሙ ግማሽ ሰዓት አለፋቸው። አባቷ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ እንጂ "አረፍ በሉ" አላሉም። በዚህ አገር የሴት ልጅ ጥያቄ ይዞ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚናገረው፤ ወንበር የሚቀርብለት የልጅቱ አባት ልብ እሺ ያለ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ሕሊና ከሽማግሌዎቹ ፊት ይልቅ ጥግ የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች ነበር የምታየው።

የላካቸው አገኘሁ ነው። የአምባራስ ገበሬ ልጅ፣ ከደባርቅ ዳባት ሚኒባስ የሚነዳ። እሷ ደግሞ ጎንደር ፋርማሲ ተምራ ዳባት ጤና ጣቢያ መድኃኒት የምታድል፣ የመሪጌታ ልጅ። አባቷ ባሕረ ሐሳብ ቆጥረው የመጪዎቹን ዓመታት ጾምና በዓል የሚያወጡ፣ ከጃናሞራ ድረስ ተማሪ የሚመጣላቸው ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ቤት ሴት ልጁን ለሹፌር አይሰጥም፤ ማንም በአዋጅ ባይከለክለውም ሁሉም ያውቀዋል። ሁለቱ ልጆች ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው በዓይን የተነጋገሩትን ለሰው ለማሰማት ሁለት ዓመት የፈጀባቸው ለዚህ ነበር።

"ልጁ ምን ይሠራል?" አሉ መሪጌታ፣ እንደማያውቁ ሆነው።

አያ እንዳለው የሚባሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የአገኘሁ አጎት ናቸው፤ ከአምባራስ እስከ ደባርቅ በሚኒባሱ ጭኖ ያወረዳቸው ራሱ አገኘሁ ነው። ሽማግሌ እውነቱን ትንሽ ሳብ አድርጎ ካልተናገረ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል። አያ እንዳለው ግን ሳብ አድርገው አልተዉትም፣ በጠሱት።

"ለጊዜው የሰው መኪና ይነዳል፣ የኔታ። ግን የራሱ እየመጣችለት ነው፤ ከባሕር ማዶ። መንገዱን ሙሉ ያወራኝ ስለሷ ነው። 'የኛይቱ በመጪው ጥር ትወጣለች' ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የስምንት መቶ ፈረስ ጉልበት አላት!"

"የስምንት መቶ ፈረስ?"

"የስምንት መቶ! በሰዓት ሦስት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ መቶ ትገባለች። ፈረንጅ አገር ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ የሚሮጥበት ውድድር አለ አሉ፤ እዚያም ልትገባ ነው።"

ሕሊና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ወይ አገኘሁ! ወይ የኔ ጉድ! መኪናዪቱን ታውቃታለች፤ ማን እንደሷ ያውቃታል? ቫሌንዳ ትባላለች። ፋብሪካዋ ገና ለገበያ ያላወጣት፣ ቅርጿ እንዳይለይ ዝንጉርጉር ቅብ ለብሳ በስርቆሽ ከተነሣ ፎቶ በቀር ማንም ያላያት ስፖርት መኪና ናት። አገኘሁ ቴሌግራም ላይ አራት ሺህ ሰው የሚከታተለው ገጽ ከፍቶ ስለዚህች መኪና ሲገምት፣ ሲተነትን፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሲነታረክ ይውላል። የኳስ ደጋፊ የእንግሊዝን ቡድን "የኛ" እንደሚለው እሱም "የኛ" ይላታል። የአምባራስ ሽማግሌ ይኼን ከየት ይወቀው? "የኛ" ካለ የልጁ ናት።

መሪጌታ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

"ወንድሜን ዲያቆን ቃለ አብን ታስታውሱታላችሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ሊማሊሞ ላይ የቀረው የሚጣደፍ ሹፌር ይዞት ነው። ሬሳውን ከገደል ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጀብን። ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን ደግሞ ሦስት መቶ ሠላሳ ለሚሮጥ ሰው ልጄን ልስጥ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።"

"የኔታ፣ እኛ እኮ ያልነው..."

"ሽማግሌ በአንድ ቀን አይመለስም። የዛሬ ሳምንት እሁድ ኑና ቁርጡን ስሙ።"

ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ። ወንበሮቹ ከጥጋቸው አልተነቃነቁም።

"እማዬ፣ መኪና እኮ የለውም!" አለች ሕሊና በሹክሹክታ፣ የእናቷን ክንድ ጨምድዳ። "ወሬ ነው! የስልክ ወሬ!"

"ዝም በይ! የለውም ያልን እንደ ሆነ ውሸታም ሽማግሌ ላከብን ሊባል ነው። አለው ያልን እንደ ሆነ አባትሽ ገደሉ ነው የሚታያቸው። ደግሞስ በየት ሰማሁ ልትያቸው ነው? መጋረጃ ኋላ ቆሜ ልትይ?" ወይዘሮ ዘቢደር ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጫን አደረጉ። "ላም አለኝ በሰማይ ሲል የኔን ልጅ ምድር ላይ አስቀራት።"

መሪጌታ በሽማግሌ ፊት የተናገሩትን አንሥተው አያውቁም፤ ለሳቸው ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እሁድ "አልሰጥም" ካሉ የሁለቱ ነገር በዚያው ያበቃል።

*

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋቢና ስትገባ የምትናገረውን በቃሏ አጥንታ ነበር። አገኘሁ ግን ገና በሩን ሳትዘጋ ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነው።

"ይኼን እይልኝ! ትናንት ነው የወጣ። የኋላ ክንፏን አየሽው? ይኼ ለመንገድ የሚሠራ ክንፍ አይደለም፣ የውድድር ነው። ብዬ ነበር እኮ! ለሃያ አራት ሰዓቱ ሊያስገቧት ነው።"

"አገኘሁ።"

"ብቻ የአየር ማስገቢያዋን ስታይ ደግሞ ሌላ ነገር ያስብላል። ሞተሯ ባለ ስድስት ሲሊንደር ከሆነ..."

"አገኘሁ!"

ስልኩን አስቀመጠና መኪናውን አስነሣ። ከደባርቅ ወጥተው የመጀመሪያውን ኩርባ ዞሩ። ሚኒባሷ እንደ ልማዷ ታዘግማለች። ከኋላ አንዲት ወይዘሮ "ልጄ፣ ቆመች እንዴ?" ሲሉ "ሞተሩ እስኪሞቅ ነው እናቴ" አለ አገኘሁ፣ ሁልጊዜ እንደሚለው።

ያኔ ነገረችው። አጎቱ ያሉትን፣ አባቷ የመለሱትን፣ እሁድ የሚጠብቃቸውን፤ አንዱንም ሳታስቀር፣ ከኋላ ያለው ሰው እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ አዳመጣት። ፊቱ ጠቆረ። አሁን ይናገራል አለች በልቧ። አሁን "አይዞሽ" ይለኛል።

"ሦስት መቶ ሠላሳ?" አለ አገኘሁ። "ማን ነው ሦስት መቶ ሠላሳ ያለው? እኔ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ነው ያልሁት!"

ሕሊና ዞር ብላ አየችው። ሰው እንዲህ ይፈጠራል? ትዳሯ እየተናደ እሱ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያርማል!

"አቁምልኝ።"

"እዚህ? ገና ሲሶውን እንኳ..."

"አቁም ብያለሁ!"

አቆመ። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ ወደ እሱ ዞረች፤ አሁን ማንም ቢሰማ ግድ አልነበራትም።

"ሁለት ዓመት ስለሷ ሰማሁ። ክብደቷን አውቃለሁ፣ ጎማዋን አውቃለሁ፣ ከዜሮ መቶ በስንት ሰከንድ እንደምትገባ ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝ እነግርሃለሁ። አንተ ግን ስለኔ አንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው፣ እንዲህ አፍህን ሞልተህ አውርተህ ታውቃለህ?"

አፉን ከፈተ። አንዲት ቃል አልወጣችም። ያ ስለ አንዲት ጎማ አንድ ሰዓት የሚናገር አፍ!

በሩን ወርውራ ዘጋችና ከመንገዱ ዳር ቆመች። ሌላ ሚኒባስ መጥቶ ሲያነሣት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። በመስኮት ስታየው አገኘሁ መንገዱ ላይ ወርዶ፣ ተሳፋሪ እየጮኸበት፣ እሷ በሄደችበት በኩል ዓይኑን ተክሎ ቀርቷል።

ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሥራ ባልደረባዋ ጤናዬ ገና የመድኃኒቱን መስኮት እየከፈተች ነው።

"ምን ነካሽ ዛሬ? ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ እኮ ነው! በክንፍ መጣሽ?"

ሕሊና ራሷም ሰዓቷን አይታ ተገረመች። በዚህ ዓመት ብቻ በማርፈድ ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጽፎባታል፤ ሦስተኛው ከተጻፈ ስንብት ነው። ዛሬ ግን ወርዳ፣ ቆማ፣ አልቅሳ፣ ሌላ መኪና ጠብቃ እንኳ በሰዓቷ ደረሰች። "ሹፌሩ እብድ ነው፤ ይበራል" አለችና ነገሩን በዚያው ተወችው። ስለ ሹፌር ማሰብ አንገቷ ድረስ ሞልቷት ነበር።

*

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤ መጣ። የራስ ምታት መድኃኒት ፈልገው የመጡ አንድ አዛውንት "የሚኒባሱ ልጅ ስጡልኝ አለ" ብለው በመስኮቱ አቀበሏት። ከደብተር የተቀደደ አራት ቅጠል ወረቀት፣ በአንድ በኩል ብቻ የተጻፈ። ከሰኞ ጀምሮ በሌላ መኪና ስትመላለስ፣ መናኸሪያው ላይ ሲያያት ፊቷን ስታዞር፣ ልቧ ግን ይህን ነበር የሚጠብቀው። ወረቀቱን ደረቷ ላይ ይዛ የመድኃኒት ማከማቻው ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋች።

"ሕሊና፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ" ይላል። "የቫሌንዳ ክብደት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ነው ይላሉ። እኔ አላምንም። ባትሪ ከጨመሩባት ከአንድ ሺህ አምስት መቶ አታንስም። እንዲህ ከሆነች ደግሞ..."

ወደ ታች ወረደች። ጎማ። ሁለተኛውን ቅጠል ገለጠች። የጎማ ሙቀት። ከገጹ ግርጌ "የፍሬኗ ነገር ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው" የሚለው ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጣጥፋ ከኦ አር ኤስ ካርቶኑ ሥር ወሸቀችው።

"የፍሬኗ ነገር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው!" አለች ወጥታ ለጤናዬ፣ ዓይኗ ቀልቶ። "እኔስ? እኔ የማን ጉዳይ ነኝ?"

"ቀሪውን አንብቢው እንጂ።"

"አላነብም! ቀሪው ፍሬን ነው!"

ዓርብም አላነበበችም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ተረኛ ነበሩ፣ ጤናዬ ካርቶኑን አንሥታ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር መሆኑን እያወቀች አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን እንደ ያዘች ሮጣ መጣች።

"አንቺ ልጅ፣ አራተኛውን ቅጠል አላየሽውም?"

ሕሊና በግድ ተቀበለቻት። ጽሕፈቱ እዚህ ላይ ተለውጧል፤ ተሰርዞ ተደልዟል፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀድዶታል።

"ይህን ሁሉ ያተትሁት ስለሷ ስናገር ምላሴ ስለሚፈታ ነው። ስላንቺ ልናገር ስል ይታሰርብኛል። ስለሷ ብሳሳት ሌላ ግምት እገምታለሁ። ስላንቺ ብሳሳት ግን ሌላ ምን አለኝ? ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባትሽ ዘንድ እሄዳለሁ፣ ብቻዬን። ሽማግሌ ልኮ ራሱ የሚሄድ ወንድ እንደሌለ፣ ነውር እንደ ሆነም አውቃለሁ። ግን አጎቴ በኔ አፍ ጠንቅ ውሸታም እንዲባል አልፈልግም፤ አንቺም በሌለች መኪና ጠንቅ እንድትቀሪብኝ አልፈልግም። የሚያባርሩኝ ከሆነ ፊት ለፊት ያባርሩኝ። አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ። ዝም ካልሽ ፈቅደሻል ብዬ እሄዳለሁ።"

ዝም ብላዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ ከካርቶን ሥር ዝም ብላዋለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ይላል ሰዓቷ። ራሱ የሄደ ወንድ! አባቷ ይህን እንደ ንቀት ነው የሚቆጥሩት፤ እሁድን እንኳ አይጠብቁም፣ ዛሬውኑ ደጃቸው ላይ ቃላቸውን ይሰጣሉ። ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። የተገኘው ሚኒባስ ሹፌር ዘፈን ከፍቶ መሪውን በአንድ እጁ የሚያሽከረክር ጎረምሳ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ትገሥጸው ነበር። ዛሬ ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነት ተመኘች፤ ስምንት መቶ ፈረስ ብታገኝ አንዱንም አታስቀርም ነበር።

*

የግቢው በር ክፍት ነው። መሪጌታ ወይራው ሥር ተቀምጠዋል። አገኘሁ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከፊታቸው ቆሟል። እናቷ ከቤቱ ደጃፍ ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ደርቀዋል። ሕሊና በሩን ተደግፋ ቀረች።

"አጎቴ አልዋሹም፣ የኔታ" ይላል አገኘሁ። "እኔ ነኝ ያሳሳትኋቸው። መኪና የለኝም። ያቺ የተባለችው የኔ አይደለችም።"

"የማን ናት ታዲያ?"

"የማንም። ገና ተሠርታ አላለቀችም።"

የመሪጌታ ጭራ ባለበት ቆመ። "ገና ያልተሠራች መኪና ስንት እንደምትሮጥ ማን ነገረህ?"

"አስልቼ ነው።"

ሌላ አባት ቢሆን እዚህ ላይ በትር ያነሣ ነበር። መሪጌታ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ገና ያልመጣ ዘመን ሲያሰሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

"እንዴት ነው የምታሰላው?"

አገኘሁ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት መሬቱን መጫር ጀመረ። "ክብደቷ ይኼ ነው እንበል። ጉልበቷ ይኼ። ጎማዋ መሬት የሚይዝበት እዚህ። እነዚህን..."

"ነፋሱን የት አደረግኸው?"

"የኔታ?"

"እንዲያ የምትሮጥ ነገር ነፋስ አይመልሳትም? እኔ በእግሬ ቧሂት ተራራ ስወጣ ይመልሰኛል።"

"እሱን... እሱን ገምቼ ነው።"

"ግምትማ አይሆንም! እኔ አበቅቴ ስቆጥር ገመትሁ ብል ሕዝቡ በጾም ሥጋ ሊበላ ነው።" እንጨቱን ከእጁ ተቀብለው ራሳቸው ጫሩ። "ታዲያ ውድድሩን ታሸንፋለች?"

"አታሸንፍም፣ የኔታ። ሦስት ሰዓት ትመራለች፤ ከዚያ ጎማዋ ያልቃል።"

"እንዴታ! ሃያ አራት ሰዓት ከሆነ የሚያሸንፈው ረጋ ብሎ የሚሄደው ነው።"

"እኔም የጻፍሁት እሱን ነው!" አለ አገኘሁ፣ ፊቱ በርቶ። "ሰው ሁሉ ግን ሰደበኝ።"

"ምን ያውቃሉ እነሱ?" አሉ መሪጌታ።

ሕሊና ከበሩ ተላቃ ወደ ውስጥ ገባች። ከዳባት ድረስ ልቧን በእጇ ይዛ መጥታ፣ ሊገዳደሉ ነው ብላ ፈርታ፣ ሁለቱ ወንዶች አፈር ላይ አቀርቅረው ጎማ ይቆጥራሉ! አባቷን ቀና ብላ የማታናግረው ልጅ ሳታስበው ጮኸች።

"አባባ!"

ሦስቱም ዞሩ።

"እኔስ?" አለች፣ እንባዋ እየወረደ። "ገና ላልተሠራች መኪና ነፋስ ትቆጥራላችሁ። እኔ ግን ተሠርቼ አልቄያለሁ! ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እዚህ ቆሜያለሁ፣ ነገ እርስዎ ቁርጤን ሊናገሩ ነው፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁም ስለኔ አንዲት ቃል አልተናገራችሁም። እሱን ከከለከሉኝ ሌላ ሰው ብለው እንዳይጠሩልኝ። ይኸው ተናገርሁ፣ ነውር ከሆነም ነውር ይሁን!"

ወይዘሮ ዘቢደር "በስመ አብ!" አሉ። መሪጌታ የጫሩትን በእግራቸው አጠፉና ቀስ ብለው ተነሡ። ፊታቸው እንደ እሁዱ ሆነ።

"ስሌት ጥሩ ነው" አሉ ለአገኘሁ። "እኔ ግን ወንድሜን የቀበርሁት በስሌት አይደለም። ልቡ ፍጥነት የሚወድ ሰው አንድ ቀን እግሩም ይከተለዋል። እስኪ ንገረኝ፣ ከደባርቅ ዳባት በስንት ደቂቃ ትገባለህ?"

አገኘሁ አቀረቀረ። "በሠላሳ አምስት።"

"ውሸት!" መሪጌታ ተቆጡ። "ጥር ላይ ለሥላሴ ንግሥ ከሕሊና ጋር ባንተ መኪና ሄጃለሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ነው የፈጀብን። እህል የጫነ ባለ አህያ 'አይዟችሁ' ብሎን አለፈ! ስደርስ ታቦቱ ወጥቶ ነበር። አሁን ልትሸነግለኝ ነው?"

"አልዋሸሁም፣ የኔታ።"

"እንግዲያስ?"

አገኘሁ ኮፍያውን ጨመደደው። ምላሱ ሲታሰር ሕሊና ከሩቅ አየችው፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። እንደ ሰኞው ዝም ሊል ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

"የዚያን ቀን እሷ ነበረች" አለ።

መሪጌታ ዞረው ሕሊናን አዩ።

"እሷ ከሌለች ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው። እሷ ካለች ሰባ፣ አንዳንዴ ሰባ አምስት። ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የነዳሁት። ሞተሩ አልሞቀም እላለሁ፣ ፍሬን ልይ ብዬ እወርዳለሁ። ሞተሩ ምንም የለው። መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅብኝ ነው።" ቀና አለ፤ ዓይኑ ርሷል። "እሷ ጎኔ ስትቀመጥ ድንጋይ ነካ ካደረግሁ ቀኑን ሙሉ ይቆጨኛል። ስለ መኪናዪቱም የማወራላት ዝም ካልሁ ልቤ የሚሰማ እየመሰለኝ ነው። ሌላ ምን እንደምላት አላውቅም፣ የኔታ።"

ሕሊና ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ ተመልሶ መጣ። ያ "ሞተሩ እስኪሞቅ ነው"። ያ በየኩርባው ደርሶ ደርሶ ፍሬን ማየት። በግ መንገድ ሲያቋርጥ የመጨረሻዋ ግልገል እስክታልፍ ድረስ መቆም፣ ካለፈችም በኋላ መቆም። የኃላፊዋ ቁጣ፣ ሁለቱ ደብዳቤዎች፣ በየቀኑ እያለከለኩ መግባት። ልታንቀው ወይስ ልታቅፈው እንደፈለገች አታውቅም ነበር።

"ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል ባንተ ምክንያት!" አለች እያለቀሰች። "ሁለት! መኪናህ አሮጌ ናት ብዬ ስከራከርላት!"

"ይቅርታ" አለ አገኘሁ።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ሊማሊሞ በኩል አዙረው ቆሙ። ዳመናው ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር። ሲናገሩ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም።

"የቃለ አብ ሹፌር" አሉ፣ "እንዲህ መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅ የሚያስመኘው ሰው ያን ቀን ከጎኑ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ወንድሜን ዛሬ ሸብቶ አየው ነበር።"

በጭራቸው እጀታ ዓይናቸውን እንደ ማሳከክ አደረጉና ወደ ቤቱ ዞሩ።

"ዘቢደር!"

"አቤት፣ የኔታ።"

"ነገ እንግዶች አሉብን። የሳሎኑ ወንበሮች አቧራቸው ይራገፍ።" ትንሽ ቆም አሉ። "ሦስቱም።"

ወይዘሮ ዘቢደር እልልታው ሊያመልጣቸው ሲል ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። መሪጌታ በአገኘሁ አጠገብ ሲያልፉ ሳያዩት ተናገሩ።

"አንተ ዛሬ እዚህ አልመጣህም፤ እኔም አላየሁህም። ለዚያ አጎትህ ግን ንገረው፣ ነገ ስለ ፈረስ አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ።"

ሕሊና እስከ ግቢው በር ሸኘችው። ብዙ የምትለው ነበራት፤ የት ይጀመራል? አገኘሁም ኮፍያውን እያዟዟረ ቆመ።

"ሕሊና፣ አንድ ነገር ልንገርሽ?"

"ስለሷ ከሆነ እገድልሃለሁ።"

አፉን ገጠመ። ስለሷ ነበር፤ ነፋሱ ነው የከነከነው፣ ፊቱ ላይ አነበበችው። ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተቀላቅሎ መጣባት።

"አሁን ስማኝ" አለች ጋዋኗን እያስተካከለች፣ በተቻላት መጠን ኮስተር ብላ። "ሰኞ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቴን መክፈት አለብኝ። ሦስተኛ ደብዳቤ ከተጻፈብኝ እባረራለሁ።"

አገኘሁ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ፤ ከምሩ፣ እንደዚያች መኪና ጉዳይ ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረ።

"እንግዲያስ ከአሥራ ሁለት ተኩል እንነሣለን" አለ።

ይኼ ሰው! ፈጥኖ ላድርስሽ አይልም፤ ቀድመን እንነሣ ይላል። ልትቆጣው ፈለገች፣ ሙሉ ሳምንት ያጠራቀመችው ቁጣ ነበራት። መንገዱን አየችው፤ ደባርቅን አልፎ፣ እየተጠማዘዘ፣ ወደ ዳባት የሚወርደውን።

"አሥራ ሁለት ከሩብ ይሁን" አለችው።